የአባቴ ጥምጥም እና የቻይና መኪና

ቁመቴ 1 ሜትር ከ92 ነው። ታናሽ ወንድሜ ይበልጠኛል። አባታችን ደግሞ ቄስ ናቸው፤ በቁመታቸው ላይ ጥምጥም ይጨመራል። ሦስታችን አንድ ባጃጅ ውስጥ ስንገባ የጎንደር ፒያሳ ሰው ቆሞ ያየናል።

በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ መኪና ማለት በአብዛኛው የቻይና ኤሌክትሪክ ነው። አዲስ አበባ ሄድኩ። ከውጭ ሲታይ ግዙፍ የሆነ አንዱ ዓይኔ ገባ። ከፊት ተቀመጥኩ፣ መሪውን ጨበጥ አደረግኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ። ከኋላ አለመቀመጤ ትዝ ያለኝ ማታ አልጋ ላይ ነው! በማግስቱ የሾፌሩን ወንበር በራሴ ልክ ወደ ኋላ ገፍቼ ከጀርባው ገባሁ። ጉልበቴ ወንበሩ ላይ ተሰካ፤ አናቴን የሰንሩፉ፣ ማለትም የጣሪያው መስታወት፣ ጠርዝ ነካኝ። ቀብዱም በዚያው ቀረ።

ጎንደር ተመልሼ ነገሩን ከቤት ጀመርኩት። አባቴን ጥምጥማቸውን እንዳደረጉ መደብ ላይ አስቀምጬ በሜትር ለካኋቸው። ከመቀመጫቸው እስከ ጥምጥሙ ጫፍ 97 ሳንቲሜትር።

«ልብስ ልታሰፋልኝ ነው?» አሉኝ።

«መኪና ነው አባባ።»

«መኪናም በልክ ይሰፋል እንዴ?»

በልክ ባይሰፋም በልክ ይመረጣል። ሻጭ ስለ ስክሪኑ ሲያወራ እኔ ጣሪያውን ነው የማየው። ሰንሩፍ ያምራል፤ ግን ክፈፉ ከላይ ያለውን ቦታ ይበላል። ለረጅም ሰው ያ ጥቂት ሳንቲሜትር ብዙ ነው። ለጉልበት ደግሞ በፊትና በኋላ ጎማ መሀል ያለውን ርቀት ጠይቁ። የቻይናው ቢዋይዲ ትንሽ መኪና ሲጋል 2500 ሚሊሜትር ነው፤ ተለቅ ያለው ሶንግ ፕላስ 2765። ልዩነቱ ከአንድ ስንዝር በላይ ነው። መሪውም ወደ ላይና ወደ ታች ብቻ ሳይሆን ወደ ራስ የሚሳብ ቢሆን ይመረጣል፤ አለዚያ ወንበሩን ለእግር ብለህ ስታርቅ እጅህ አይደርስም።

ሁለተኛ ጊዜ ስሄድ ወንድሜንም ሜትሩንም ይዤ ነው። ወንድሜን ከኋላ አስቀምጬ ሃያ ደቂቃ እንዳይወርድ አልኩት። ሻጩ ሳቀ፤ ይሳቅ። ሰንሩፍ የሌለው፣ ብዙም የማያምር መኪና ገዛን።

አንድ ነገር ግን አምልጦኛል። የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪው ከወለሉ ሥር ስለሆነ ወለሉ ከፍ ይላል። እግር ወለሉን ሲረግጥ ጉልበት ወደ ላይ ይነሳል፣ ጭን ከወንበሩ ይለያል። በሃያ ደቂቃ አልታወቀንም። ባሕር ዳር ድረስ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ስንሄድ ግን ታወቀን። አባቴ ጥምጥማቸው ጣሪያ ሳይነካ፣ አዲስ ዘመን ከተማ ሲደርሱ ጋቢያቸውን አጥፈው ከጭናቸው ሥር ከተቱት። አሁን ያ ጋቢ ከመኪናው አይወርድም።