ወረቀታችሁን ጠይቁ

ዛሬ ታናሽ እህቴ የስታቲስቲክስ ፋይናል ወረቀቷን ልታይ ስትሄድ አብሬያት ሄድኩ። የተለጠፈው ግሬድ ዲ ነው። ጓደኞቿ "ተይው ባክሽ፣ ጥርስ ውስጥ ትገቢያለሽ" ብለዋታል። ይሄ ፍርሃት የስንቱን ተማሪ አፍ ዘግቷል!

የዲፓርትመንቱ ጸሐፊ ደግሞ "አንዴ የገባ ግሬድ አይነካም" ብላ ልትመልሰን ነበር። ይነካል እንጂ! ተማሪ በተወሰነለት ቀን ውስጥ ካመለከተ ቅሬታው መታየት አለበት።

መምህሩ ወረቀቱን አወጡ። የመጨረሻው ገጽ ጀርባ ላይ አንድ ሙሉ ጥያቄ ሠርታለች። ቀይ እስክሪብቶ አልነካውም። "መምህር፣ ይሄኛው አልታረመም መሰለኝ" አለች፣ ድምጿ እየተንቀጠቀጠ። እሳቸውም አረሙት፣ እንደገና ደመሩ። ዲው ሲ ሆነ።

መምህሩን አልተቀየምኳቸውም። ያ ሁሉ ወረቀት ተከምሮባቸው፣ ሬጅስትራር ግሬድ አስገቡ እያለ ሲያጣድፋቸው አንድ ገጽ ሊያልፋቸው ይችላል። ግን ዲ 1 ነጥብ፣ ሲ 2 ነጥብ ነው። ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት ስለሚባዛ፣ ኮርሱ ባለ 4 ክሬዲት ከሆነ 4 ነጥብ ሊቀርባት ነበር ማለት ነው። ጂፒኤው፣ ማለትም አማካይ ውጤቱ፣ 2.00 ጫፍ ላይ ለቆመ ልጅ ይሄ ማስጠንቀቂያ ወይም ከግቢ መባረር ነው። ባልታረመ ገጽ!

ልጆች፣ ግሬዳችሁ ካልመሰላችሁ ቶሎ አመልክቱ። በጨዋነት፣ በጽሑፍ ይሁን፤ ኮፒውንም ያዙ።

እህቴ ከመውጣቷ በፊት የሌሎቹም ወረቀት ጀርባው እንዲታይ ጠየቀች። መምህሩ እሺ ብለዋል።