የፖቶማክ ዳር ኮረኮንች

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ብስክሌተኞች፣ አስፋልቱን ተዉትና ወደ ሲ ኤንድ ኦ ካናል፣ ማለት ወደ ድሮው የጀልባ ቦይ ዳር መንገድ፣ ውረዱ። ከጆርጅታውን ተነስቶ የፖቶማክን ወንዝ እየታከከ እስከ ከምበርላንድ፣ ሜሪላንድ፣ 297 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ድሮ በቅሎዎች ጀልባ የሚጎትቱበት መንገድ ስለነበር ዳገት የለውም ማለት ይቻላል።

ግን ሜዳ ነው ብላችሁ እንዳትዘናጉ። ዝናብ ከጣለ ጭቃው ጎማና ፍሬን መሃል ይጠቀጠቃል፣ የዛፍ ሥሩ ደግሞ ወገብ ይፈትሻል። ስለዚህ 40 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ ጎማ ግጠሙ፣ ትንሽም አስተንፍሱት።

ቀጥ ያለው መንገድ ሲሰለቻችሁ (እኔን ቶሎ ነው የሚሰለቸኝ) ካናሉ ዳር ካለው ኤድዋርድስ ፌሪ ላይ ወጥታችሁ ወደ ፑልስቪል ገጠር ታጠፉ። እርሻ፣ የፈረስ አጥር፣ ኮረኮንች፤ መኪና አልፎ አልፎ ብቻ። ከካናሉ ይልቅ እኔ የምወደው ይሄንን ነው።

በካናሉ መንገድ ርቃችሁ የምትሄዱ ከሆነ የፖ ፖ ዋሻ አለላችሁ። 950 ሜትር ገደማ፣ ውስጡ በጡብ የተለበጠ፣ ድቅድቅ ጨለማ። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ወርዳችሁ ግፉ፤ የስልክ መብራት አይበቃም፣ ደህና ባትሪ ያዙ። ውሃ በየካምፑ ካለው የእጅ ፓምፕ ትቀዳላችሁ፣ በብርድ ወራት ግን ስለሚዘጋ ከቤት ሞልታችሁ ውጡ።