አለን ሪክማን፦ ከሥዕል ጠረጴዛ ወደ መድረክ

እንግሊዛዊው ተዋናይ አለን ሪክማን ለመጀመሪያ ጊዜ በሲኒማ ፊልም ላይ የታየው በ42 ዓመቱ ነበር። ብዙ ተዋንያን ዝናቸው ማሽቆልቆል በሚጀምርበት ዕድሜ የእሱ ገና መጀመሩ ነበር ማለት ነው። እዚህ ደሴ ውስጥ ስሙን አጥርቶ የሚጠራው ሰው ጥቂት ቢሆንም ፊቱን የማያውቅ ወጣት ግን አይገኝም፤ ፊልም በፍላሽ ከሚጭኑት ሱቆች በአንዱ ገብታችሁ «ያ ጥቁር ለባሹ የሃሪ ፖተር መምህር» ብትሉ ወዲያው ይገባቸዋል። እኔ በማስታወቂያ ሥራ፣ ማለትም ታፔላ በመጻፍና ባነር በማዘጋጀት የምተዳደር፣ በትርፍ ጊዜዬም ከሰፈራችን ወጣቶች ጋር ድራማ የምሠራ ሰው ስለሆንኩ፣ ይህንን ተዋናይ የምወድበት የራሴ ምክንያት አለኝ። እሱም ከመድረክ በፊት እንጀራው ፊደልና መስመር ነበር።

የተወለደው እ.ኤ.አ. የካቲት 21 ቀን 1946 በምዕራብ ለንደን፣ አክተን በተባለው የሠራተኞች ሰፈር ነው። አባቱ የፋብሪካ ሠራተኛና ቤት ቀለም ቀቢ ነበሩ፤ አለን 8 ዓመት ሲሆነው ሞቱ፤ እናቱም አራት ልጆችን በአብዛኛው ብቻቸውን አሳደጉ። ልጁ ጎበዝ ተማሪ ስለነበር ላቲመር በተባለው ታዋቂ ትምህርት ቤት ነጻ የትምህርት ዕድል አገኘ፤ ተውኔትም የቀመሰው እዚያው ነው። ይሁን እንጂ ከድሃ ቤት ለወጣ የ18 ዓመት ልጅ ትወና አስተማማኝ እንጀራ ሆኖ ስላልታየው በቼልሲ፣ ቀጥሎም በሮያል ኮሌጅ ኦፍ አርት ግራፊክ ዲዛይን ተማረ፤ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖም የራሳቸውን የዲዛይን ስቱዲዮ ከፈቱ።

ሥራው አልከሰረም። ይህንን አጥብቄ የምናገረው፣ ብዙዎች ወደ ጥበብ የሚመጣ ሰው ሌላው ሁሉ ያልሆነለት ብቻ ይመስላቸዋልና ነው። ስቱዲዮው ደህና እየሠራ ሳለ፣ ሪክማን በ26 ዓመቱ ለፈተና እንዲቀርብ ዕድል እንዲሰጠው ወደ ንጉሣዊው የድራማ ጥበብ አካዳሚ፣ በአጭሩ ራዳ ወደሚባለው ትምህርት ቤት፣ ደብዳቤ ጻፈ። ተቀበሉት። ከ1972 እስከ 1974 እዚያ ሲማር ራሱን ለመደጎም እንደ ናይጀል ሆውቶርንና ሰር ራልፍ ሪቻርድሰን ያሉ አንጋፋ ተዋንያንን ከመጋረጃ ጀርባ ልብስ ያለብስ ነበር። ስቱዲዮ ከፍቶ ይሠራ የነበረ ሰው የሌላውን ሰው ኮት ይዞ ሲቆም ምን እንደተሰማው መገመት አያዳግትም፤ እኔ ግን ይበልጥ የሚያስቀናኝ፣ ያን ያህል ቀርቦ ታላላቅ ተዋንያን ወደ መድረክ ከመውጣታቸው በፊት ያለችውን ደቂቃ በየምሽቱ ለማየት መታደሉ ነው።

ቀጣዮቹን ዓመታት በመድረክ አሳለፈ። በ1982 ቢቢሲ ባቀረበው «የባርቼስተር ዜና መዋዕሎች» በተሰኘው ተከታታይ ድራማ ላይ ኦባዳያ ስሎፕ የተባለውን፣ ፊቱ ትሑት ልቡ ግን ሹመት የሚያሳድድ ካህን ሆኖ ሲጫወት የእንግሊዝ የቴሌቪዥን ተመልካች አወቀው። በ1985 ደግሞ በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒ «አደገኛ ግንኙነቶች» በተሰኘው ተውኔት ቫልሞንን ሆኖ ተጫወተ፤ ተውኔቱ በ1987 ኒው ዮርክ ሲሻገር ለቶኒ ሽልማት ታጨ። ታሪኩ ወደ ፊልም ሲቀየር ሚናው ለሌላ ተዋናይ መሰጠቱ ዛሬም ያንገበግበኛል። ያም ሆኖ ኒው ዮርክ መሄዱ በከንቱ አልቀረም፤ እዚያ መድረክ ላይ ያዩት የሆሊውድ ሰዎች ናቸው ለ«ዳይ ሃርድ» የጠሩት።

በ1988 የወጣውን ይህንን ፊልም ያየ ሰው ሪክማን የተጫወተውን ሃንስ ግሩበርን አይረሳም። ሪክማን የወንበዴዎቹ አለቃ እንደ ሽፍታ ከሚለብስ ይልቅ ሱፍ ቢለብስ ይሻላል ብሎ ሐሳብ ያቀረበው ራሱ ነው። አንዲት ትዕይንት ብቻ ላንሣ። ግሩበር በኋላ በጥይት ከሚገድለው የኩባንያ ኃላፊ ጋር ሊፍት ውስጥ ቆሞ ስለ ሰውዬው ሱፍ ያወራል፤ ልብሱን ያደንቃል፤ እሱም ከዚያው ልብስ ሰፊ የተሠራ እንዳለው ይናገራል። ድምፁ ከፍ አይልም፣ ፊቱም አይቆጣም፤ እኛ ግን ደማችን ይቀዘቅዛል። መጨረሻ ላይ ከፎቁ ሲወድቅ ፊቱ ላይ የሚታየው ድንጋጤ ደግሞ እውነተኛ ነው፤ የፊልሙ ሠራተኞች ከተስማሙበት ቆጠራ ቀድመው ስለለቀቁት።

ታፔላ የጻፈ ሰው ይህንን ቶሎ ይረዳዋል። ፊደል የሚነበበው በዙሪያው በተተወው ባዶ ቦታ ነው፤ ቦታውን ሁሉ በቀለም የሞላ ጀማሪ ምንም አላስነበበም። የሪክማን ትወና ለእኔ እንዲህ ነው፦ በሁለት ቃላት መካከል የሚተወው ዝምታ ቃላቱን ያጎላቸዋል። እኛ ዘንድ በወጣት ማእከሉ አዳራሽ ልምምድ ስናደርግ ተዋንያኑ ሁሉ የሚጮኹት ማይክ ስለሌለና ከውጭ የባጃጅ ድምፅ ስለሚገባ ነው። ነገር ግን ድምፅ ኋላ ወንበር የሚደርሰው በጩኸት ብቻ ሳይሆን በትንፋሽ አያያዝና የቃሉን መጨረሻ ሳይውጡ ጥርት አድርጎ በማውጣት ጭምር ነው፤ ሪክማንም ይህንን የተማረው ከዓመታት የመድረክ ሥራ ነው። በቅርቡ ከልጆቹ አንዱ፣ ቀን ቀን ሞባይል የሚጠግን ወጣት፣ «ጋሼ፣ እኔኮ ጊዜው አልፎብኛል» ሲለኝ የ26 ዓመቱን ደብዳቤ ነገርኩት። በሚቀጥለው ልምምድ ቀድሞን ደርሶ አዳራሹን ሲጠርግ አገኘሁት።

ሪክማን ቁጥብ ብቻ ነበር ማለቴ አይደለም። በ1991 በሮቢን ሁድ ፊልም የኖቲንግሃም ገዥ ሆኖ ሲያጓራና ሲንጎራደድ ባፍታ የተባለውን የእንግሊዝ የፊልም ሽልማት ተሸለመ፤ ሽልማቱን ሲቀበልም ረቂቅነት ብቻውን ሁሉም ነገር እንዳልሆነ ለራሱ ማስታወሻ እንደሚሆነው ተናገረ። በ1996 በቴሌቪዥን ፊልም ራስፑቲንን ሆኖ በመጫወቱ ኤሚና ጎልደን ግሎብ አገኘ። ለኦስካር ግን አንድም ጊዜ አልታጨም፤ ይህ የሽልማቱ ጉድለት እንጂ የእሱ አይደለም።

ከ2001 እስከ 2011 በስምንቱም የሃሪ ፖተር ፊልሞች ሴቨረስ ስኔፕን ሆነ። ደራሲዋ ስለ ገጸ ባሕርይው አንድ ምስጢር ቀድማ ነግራው ስለነበር፣ የመጨረሻው መጽሐፍ በ2007 ከመታተሙ ዓመታት በፊት አንባቢው የማያውቀውን ይዞ ይጫወት ነበር። ምስጢሩን ሳያወጣ ጠበቀ። መጨረሻውን ካወቃችሁ በኋላ ወደ መጀመሪያው ፊልም ተመልሳችሁ ስኔፕ ሃሪን የሚያይበትን ዓይን ተከታተሉ፤ ጥላቻ ብለን ያለፍነው እይታ ውስጥ ሐዘን አብሮ ይታያል።

በ1997 እና በ2014 የወጡ ሁለት ፊልሞችን ራሱ አዘጋጅቷል፤ ያስተማረውን ራዳንም በምክትል ሊቀ መንበርነት አገልግሏል። እ.ኤ.አ. ጥር 14 ቀን 2016 በ69 ዓመቱ በቆሽት ካንሰር ለንደን ውስጥ አረፈ። ለዓመታት ሲጽፋቸው የኖሩት የዕለት ማስታወሻዎቹ በ2022 ታትመዋል፤ ከእጅ ጽሑፉ ገጾች አንዳንዶቹ በሥዕልና በቀለም የተዋቡ ናቸው። ያ የሥዕል ጠረጴዛ እስከ መጨረሻው አልተዘጋም ነበር።