ከነከሰኝ ውሻ ጋር ያሳለፍኳቸው አሥር ቀናት

ጓደኛዬ ለሥራ ለሁለት ሳምንት ስትርቅ ውሻዋን በአደራ ሰጠችኝ። ቦቢን ከቡችላነቱ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ በሩን ስከፍት ጭራውን እየቆላ ይቀበለኛል፣ ስቀመጥ እግሬ ሥር ይተኛል። ስለዚህ ከመሄዷ በፊት የጠየቅኳት ሁሉ ስለ ምግቡና ስለ መውጫ ሰዓቱ ነበር። መጨረሻ የተከተበው መቼ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ይህን የጠየቅኳት በሦስተኛው ቀን ማታ፣ አንዱን እጄን በጨርቅ ሸፍኜ ስልኩን በሌላው ይዤ ነው።

በሁለቱ ቀናት ውስጥ ቦቢ ራሱን ደጋግሞ ሲያራግፍ፣ ቀኝ ጆሮውንም በኋላ እግሩ ሲያክ አይቼዋለሁ። ቁንጫ መስሎኝ አለፍኩት። በሦስተኛው ቀን ማታ የአንገት ማሰሪያውን ላወልቅለት አጠገቡ ተንበረከክሁና እጄን ወደ ጆሮው ሥር ሰደድኩ። ቦቢ ደረቀ። ሲያለከልክ የነበረው አፉ ተዘጋ፤ ጭራው ቆመ፤ አንገቱ ተገተረ። ምላሱን አውጥቶ አፍንጫውን ላሰ፤ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ በዓይኑ ጥግ ሲያየኝ የዓይኑ ነጭ ጎልቶ ታየ። ይህ ሁሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰከንድ ቢፈጅ ነው። «አይዞህ» ብዬ እጄን ገፋሁ።

«የሚጮኽ ውሻ አይናከስም» ይባላል። ቦቢ አልጮኸም፤ አላጉረመረመምም። በኋላ ከባለቤቱ ጋር ስንነጋገር፣ ባጉረመረመ ቁጥር ትቆጣው እንደነበር ነገረችኝ። ውሻ በማጉረምረሙ ሲቀጣ ሕመሙ ወይም ፍርሃቱ አይጠፋለትም፤ ማስጠንቀቂያውን መተው ብቻ ይማራል። ለቦቢ የቀረው ቋንቋ ያ የደረቀ አካሉና የላሰው አፍንጫው ነበር፤ እኔ ደግሞ ያንን ማንበብ አላወቅኩበትም።

ክራንቻው በአውራ ጣቴ ሥር ባለው ሥጋ ውስጥ ገባ። እጄን ሳላስብ መንጭቄ አወጣሁት፤ ከሁለቱ ቀዳዳዎች አንዱ ተቀድዶ የሰፋው በዚያ መንጨቅ ነው። ቦቢ ወደ ጥግ ሸሽቶ ጆሮዎቹን አጣብቆ ተንቀጠቀጠ። ልቆጣው፣ ልመታው ከጀለኝ፤ ነገር ግን ምንም አላልኩም። ፊቴን ሳላዞርበት ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሄጄ ከክፍሉ ወጣሁና በሩን ዘጋሁት። በመካከላችን የተዘጋ በር መኖሩ ለእርሱም ለእኔም እፎይታ ነበር።

ቀጥሎ ቀለበቴን አወለቅኩ፤ የተነከሰ እጅ ያብጣል፣ ካበጠ በኋላ ቀለበት በቀላሉ አይወጣም። ከዚያ ቧንቧውን ከፍቼ በሳሙና ማጠብ ጀመርኩ፤ የስልኬንም ሰዓት ለ15 ደቂቃ ሞላሁት። ይህን ያህል ጊዜ ቁስልን በሚፈስስ ውሃ ሥር ይዞ መቆም ምን ያህል እንደሚረዝም የሚያውቀው ያደረገው ብቻ ነው። በአምስተኛው ደቂቃ ደሙ ረግቶ ስለነበር ይበቃል ብዬ ነበር። አይበቃም። የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ ቅባትነት ያለው ልባስ አለው፤ ሳሙና ይህን ልባስ ያፈርሰዋል፤ የሚፈስሰው ውሃ ደግሞ ምራቁንና ቆሻሻውን ከቁስሉ ውስጥ ያወጣል። ሐኪም ዘንድ ከመድረሳችን በፊት በገዛ እጃችን የምንሰጠው ትልቁ ሕክምና ይህ ነው፤ ለማንም የተነከሰ ሰው ደግሜ ደጋግሜ የምናገረውም ይህንኑ ነው። ካጠብኩ በኋላ አዮዲን አደረግኩበት። ዱቄት፣ ቅባት ወይም የቅጠል ጭማቂ ግን አላስጠጋሁትም፤ እነዚህ ቁስሉን ይቆጠቁጡታል እንጂ አያጸዱትም። በንጹሕ ጨርቅ ላላ አድርጌ ሸፈንኩት።

እስከዚህ ድረስ ያደረግኩት ትክክል ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ሃያ ደቂቃ ያህል ወንበር ላይ ተቀምጬ ለማንም ላለመናገር አሰብኩ። ቁስሉ ትንሽ ነው አልኩ። ጓደኛዬ ሥራዋን አቋርጣ ትመጣለች፤ አደራዬን አልተወጣሁም ትላለች ብዬ ፈራሁ። ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ ቦቢ ነው፤ «ነካሽ» የሚል ስም ከወጣለት ሰው ሁሉ «አስገድሉት» ይላል ብዬ ሰጋሁ። ዝም ብል ውሻውን የማድነው መሰለኝ። ይህ ሐሳብ ምን ያህል ስሕተት እንደነበር የገባኝ ሐኪም ዘንድ ስደርስ ነው።

ደወልኩላትና ያለ ዙሪያ ጥምጥም ነገርኳት፤ ከሰዓቱ ጀምሮ የት እንደነከሰኝ፣ ምን ላደርግ ስል እንደነከሰኝ፣ ውሻው አሁን የት እንዳለ። ትንሽ ዝም ካለች በኋላ «አንተስ እንዴት ነህ?» አለችኝ። ተከትቧል ወይ ስላት «አዎ» አለች፤ መቼ ስላት ግን አላስታወሰችም። የክትባት ደብተሩን በነገረችኝ መሳቢያ ውስጥ አገኘሁት፤ የማደሻው ቀን ካለፈ ስምንት ወር ሆኖት ነበር። ገጹን በስልኬ አንስቼ ወደ ሕክምና ሄድኩ።

ተረኛዋ ሐኪም ቁስሉን ከማየታቸው በፊት «ውሻው የት ነው?» አሉኝ። ቤት ውስጥ እንደተዘጋበት ስነግራቸው «ማንም እንዳይገድለው፤ ለማንም እንዳይሰጥ። መልሱን የሚነግረን እርሱ ነው» አሉ። ነገሩን ሲያብራሩልኝ እንዲህ ነው፦ የታመመ ውሻ ቫይረሱን በምራቁ ማውጣት የሚጀምረው ምልክቱ ከመታየቱ ጥቂት ቀናት ቀድሞ ነው፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ ብዙ አይቆይም፣ ይሞታል። ስለዚህ የነከሰ ውሻ ከነከሰበት ቀን አንሥቶ 10 ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ፣ በነከሰበት ሰዓት ምራቁ ውስጥ ቫይረስ አልነበረም ማለት ነው። የተገደለ ወይም የጠፋ ውሻ ግን በዚህ መንገድ ሊመሰክር አይችልም። በዝምታዬ ላድነው ያሰብኩት ቦቢ የሚድነው በመታየቱ ነበር።

ቢሆንም አሥሩን ቀን ቁጭ ብለን አንጠብቅም አሉኝ። በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ ከሞት የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል፤ በሰው ላይ ከሚደርሰውም 99 በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከውሻ ነው። ጥርስ ቆዳን በስቶ ከገባ ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት አመዳደብ ሦስተኛውና ከባዱ ደረጃ ነው። ስለዚህ ያንኑ ማታ የመጀመሪያውን ክትባት ክንዴ ላይ ወጉኝ፤ በቁስሉ ውስጥና ዙሪያ ደግሞ ኢሚዩኖግሎቡሊን ሰጡኝ። ይህ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ መከላከያ ነው፤ ሰውነት በክትባቱ የራሱን እስኪያመርት ድረስ ቁስሉ ላይ ዘብ ይቆማል። ያበጠ አውራ ጣት ላይ መርፌ ሲገባ ከንክሻው የባሰ ያማል፤ ይህን የምናገረው የሚጠብቀውን አውቆ እንዲሄድ እንጂ ማንም እንዲቀር አይደለም። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ከወሰድኩ ከአምስት ዓመት በላይ ስለሆነኝ እርሱንም ጨመሩልኝ። ቁስሉን አልሰፉትም፤ የእጅ ንክሻ ቶሎ ስለሚያመረቅዝ ክፍት ትተው አሞክሲሲሊንና ክላቩላኔት የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አዘዙልኝ። መቅላቱ ከሰፋ፣ ትኩሳት ከመጣ ወይም ጣቴን ማጠፍ ካቃተኝ በዚያው ቀን እንድመለስ ነገሩኝ።

ክትባቱን የጀመርኩበት ቀን «ዜሮ» ተብሎ ይቆጠራል፤ ቀጣዮቹ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ14ኛው ቀን ናቸው። ወረፋ ስጠብቅ የማስበው ስለዚያ ልጅ ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1885 ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ክትባቱን ያስጀመረለት፣ ውሻ የነከሰው የዘጠኝ ዓመቱ ዮሴፍ ማይስተር። ከእርሱ በፊት ለነበሩት የሚሰጥ አስተማማኝ ነገር አልነበረም።

በማግሥቱ ቦቢን ወደ እንስሳት ሐኪም ወሰድኩት። መንከሱን አስቀድሜ በስልክ ስለነገርኳቸው የአፍ መሸፈኛ አዘጋጅተው ጠበቁን። ጆሮው ውስጥ የቆየ ኢንፌክሽን ተገኘ፤ ቱቦው አብጦ ቀልቷል። አረጋግተው አጸዱለት፤ እኔ ጆሮውን ደግሜ መንካት እንዳያስፈልገኝም ለቀናት የሚሠራ መድኃኒት አደረጉለት። ያለፈበትን ክትባት አሁኑኑ ይሰጠው እንደሆነ ጠየቅኩ። አሥሩ ቀን ሳያልቅ አይሰጥም፤ መርፌው ድካም ወይም ትኩሳት ቢያመጣበት ከበሽታው ምልክት ጋር ያምታታናል አሉኝ።

ከዚያ ወዲያ በየጠዋቱና በየማታው ጻፍኩ፦ በላ፣ ጠጣ፣ ድምፁ አልተለወጠም፣ ለሃጩ አልበዛም፣ አረማመዱ ደህና ነው። ምግቡን አስቀምጬ እወጣለሁ፤ ለመጸዳጃ በገመድ እዚያው ግቢ ውስጥ ብቻ አወጣዋለሁ፤ እንግዳ አይገባም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሲጠጋኝ ልቤ ይመታ ነበር። በአምስተኛው ቀን ራሱን ማራገፉን ተወ፤ በስምንተኛው ቀን ኳሱን ይዞልኝ መጣ። በአሥረኛው ቀን ማታ «በላ» ብዬ ስጽፍ አለቀስኩ። ሐኪሟ ማስታወሻዬን አይተው የ14ኛው ቀን መርፌ ቀረልኝ።

ስለ ወጪው መጨቃጨቅ ፈርቼ ነበር፤ ጓደኛዬ ግን ሳልጠይቃት የእኔንም የቦቢንም ሕክምና ከፈለች። ሁሉም ሰው እንዲህ አይሆንም። ስለዚህ አሁን የማንንም ውሻ ቁልፍ ከመቀበሌ በፊት የክትባት ደብተሩን በዓይኔ አያለሁ፤ የእንስሳት ሐኪሙን ስልክ፣ ባለቤቱ ካልተገኘ ማን እንደሚወስን፣ አደጋ ቢደርስ ማን እንደሚከፍል አስጽፋለሁ። «የት ሲነካ አይወድም?» ብዬም እጠይቃለሁ፤ ባለቤቱ «የትም ቢነካ ግድ የለውም» ካለኝ የመጀመሪያውን ቀን ሳልነካው አሳልፋለሁ።

ጓደኛዬ አሥሩ ቀን ባለቀ ማግሥት ተመለሰች፤ ሦስታችንም አብረን ወደ እንስሳት ሐኪሙ ሄድን። ሲከተብ እርሷ ፊቱን ይዛ ታናግረው ነበር። ገመዱን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በፋሻ በተጠቀለለው እጄ ሳይሆን በሌላው።