አንድ የጀርመን የስለላ ፊልም ካርታ ዘርግቼ እንዴት እንዳየሁ

እዚህ ጀርመን ከጥቂት የአገሬ ልጆች ጋር በየወሩ አንድ የድሮ ፊልም እናያለን። ተረኛው አስቀድሞ አጥንቶት ይመጣል። ባለፈው ተራው የኔ ነበርና «አንሽላግ አውፍ ባኩ» የሚለውን መረጥኩ፤ «በባኩ ላይ የተቃጣ ጥቃት» እንደማለት ነው፤ ባኩ የዛሬዋ አዘርባጃን ዋና ከተማ፣ የነዳጅ ከተማ ነው። ፍሪትዝ ኪርሽሆፍ ያዘጋጀው፣ በ1942 የወጣ ፊልም ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)።

መጀመሪያ ሻይ ይዤ ዝም ብዬ አየሁት። ስህተቴ እሱ ነበር። ጊዜው የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ነው፤ የእንግሊዝ ሰላዮች የባኩን ነዳጅ ለመቆጣጠር ተንኮል ይሸርባሉ፣ ጉድጓዶች ይቃጠላሉ፣ አንድ ጀርመናዊ ደግሞ ይከላከላል። ጀርመናዊው ቪሊ ፍሪትሽ ነው፣ የፍቅርና የሙዚቃ ፊልሞች ኮከብ። ፊልሙ ሲያልቅ ልቤ ከሱ ጋር ነበር። ደነገጥኩ። ኡፋ የተባለው የጀርመን ፊልም ድርጅት በናዚ መንግሥት እጅ እያለ የሠራው ፊልም ነው እኮ!

በማግስቱ ደብተር አውጥቼ ገጹን ለሁለት ከፈልኩት። በግራ ፊልሙ የሚለውን፣ በቀኝ በእውነት የሆነውን መጻፍ ጀመርኩ። ባኩ ያለበትን የካውካሰስ አካባቢ ካርታም አትሜ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁ። የቀኙ ረድፍ ቶሎ ሞላ። ጀርመን ነዳጅ ጠምቷት ነበር፤ ዋና ተስፋዋ የሩማንያው ፕሎዬሽቲና ከድንጋይ ከሰል የምታወጣው ቤንዚን ነው። ሶቪየቶች ግን አብዛኛውን ነዳጃቸውን ከባኩ ያገኙ ነበር። ጁን 28 ቀን 1942 የሂትለር ጦር ወደዚያው አቅጣጫ ዘመተ። ለካ ፊልሙ የሚያሳየን ከተማ ጦሩ ሊይዘው የሚገሰግስበት ከተማ ነው! ተመልካቹ ወራሪውን እንደ ጠባቂ እንዲያይ ነው የተፈለገው።

የከበደኝ ግን ሌላ ነው። ፊልሙ ከመሬት ተነስቶ አልዋሸም። የእንግሊዝ ጦር በኖቬምበር 1918 ባኩ ገብቶ በኦገስት 1919 ወጥቷል። በ1940ም እንግሊዝና ፈረንሳይ ባኩን ከአየር ለመደብደብ አቅደው ነበር፤ ሳይፈጽሙት ቀሩ። ስለዚህ «ውሸት ነው» ብዬ ብቻ ባቀርበው ኖሮ አንዱ ጓደኛዬ ይረታኝ ነበር። እውነቱ የቱ ጋ እንደሚያልቅ በቀን በቀኑ ለይቼ ማሳየት ነበረብኝ። እኛ ደግሞ የነዳጅን ጉዳይ ከማንም አንማረውም፤ በ1935 የመንግሥታቱ ማኅበር በጣልያን ላይ ማዕቀብ ሲጥል ነዳጅን ሳይጨምር ቀርቶ የሞሶሎኒ መኪኖች ወደ አገራችን መንዳታቸውን ቀጠሉ። ይህንንም ደብተሬ ጠርዝ ላይ ጻፍኩት።

በዕለቱ ካርታውን ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ፊልሙን ያለምንም መግቢያ አሳየኋቸው፤ ይሄ ጥሩ ውሳኔ ነበር፣ እነሱም እንደኔ ለፍሪትሽ ወገኑ። ከዚያ ማይኮፕ በተባለችው የካውካሰስ የነዳጅ ከተማ ላይ ጣቴን አኖርኩ። ጀርመኖች ኦገስት 9 ቀን 1942 ሲደርሱባት ያፈገፈጉት ሶቪየቶች የነዳጅ ጉድጓዶቹን ከጥቅም ውጭ አድርገዋቸው ነበር። ጣቴን ወደ ባኩ ጎተትኩ፤ እዚያ ጨርሶ አልደረሱም።

አንዷ «እሳቱን መልሰህ አሳየን» አለችኝ። መለስኩት። በሁለተኛው ጊዜ ስለ ፍሪትሽ ያነሳ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም ካርታውን ነበር የሚያዩት።