ጅራት ለሌለው እንስሳ የጅራቱ ቀለም

ሌሊቱ ተጋምሷል። ላፕቶፑ ላይ ግማሹ ባዶ የሆነ ሠንጠረዥ ተከፍቷል። አጠገቡ አጉሊ መነጽርና በመርፌ የተሰካ ጢንዚዛ አለ። ስጀምር ሁለት ምሽት የሚፈጅ መስሎኝ ነበር። ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴን ያዝኩ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ጥቂት የጢንዚዛ ወገኖችን በአካላቸው ቅርጽ ብቻ መመደብና ማን ለማን እንደሚቀርብ የሚያሳይ የዝምድና ዛፍ መሥራት። ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ሠንጠረዥ ነው። ዝርያዎቹ ከላይ ወደ ታች ይደረደራሉ፣ ባሕርያቱ ወደ ጎን፣ በየሳጥኑ 0 ወይም 1 ወይም 2 ይገባል። ክንፍ አለው? 1። የለውም? 0። "መቼም አንዱ ሠርቶት ይሆናል፣ ማውረድ ነው" አልኩ። የዋህነቴ!

መጀመሪያ ፊቴ የተደቀነው ታዋቂው የአይሪስ አበባ ሠንጠረዥ ነው። የስታቲስቲክስ ሊቁ ሮናልድ ፊሸር እ.ኤ.አ. በ1936 ያወጣው፣ ልኬቶቹን ግን የዕፅዋት ተመራማሪው ኤድጋር አንደርሰን የሰበሰባቸው። 150 አበቦች፣ 3 ዝርያዎች፣ 4 ልኬቶች። ኮምፒውተር ምደባ ሲማር ይሄንን ያልቀመሰ የለም። በብዛት የሚወርደው ቅጂ ግን 35ኛውና 38ኛው ረድፍ ላይ የቁጥር ስሕተት አለበት። ስሕተቱ እዚያው መግለጫው ላይ ተጽፏል፣ ሰዉ ግን መግለጫ አያነብም። እኔም አላነበብኩም ነበር።

ቀጥሎ የእንስሳት ሠንጠረዥ አገኘሁ፦ 101 ረድፍ፣ 16 ባሕርይ፣ 7 ምድብ። ፀጉር፣ ላባ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ የእግር ብዛት። ደስ አለኝ። ከዚያ ረድፎቹን አንድ በአንድ ማንበብ ጀመርኩ። እንቁራሪት ሁለት ጊዜ አለች፤ አንዷ መርዛም፣ አንዷ መርዝ የሌላት። የባሕር እባብ "ይተነፍሳል" በሚለው ሥር 0 ተሰጥቶታል። ምስኪኑ ሳንባ ያለው፣ አየር ለመሳብ ወደ ላይ የሚወጣ እንስሳ ነው። ከእንቁራሪቶቹ ጥቂት ረድፎች ዝቅ ብሎ ደግሞ "ልጃገረድ" የሚል አለ። አዎ፣ የሰው ልጅ። ለማዳ ናት፣ አዳኝም ናት ይላል። ብቻዬን ሳቅሁ። ይህ ለኮምፒውተር ልምምድ የተሠራ ነው፣ ማንም ዛፍ ሥራበት አላለም። ግን አንድ ነገር ገባኝ። ሳጥኑ ውስጥ ያለው 0 ከሰማይ አልወረደም፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ወስኖ የጻፈው ነው።

ቁም ነገሩ ያለው ሞርፎባንክን የመሳሰሉ ማከማቻዎች ውስጥ ነው። ተመራማሪዎች ሠንጠረዣቸውን ከነፎቶው እዚያ ያስቀምጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው የአጥቢዎች ጥናት ሠንጠረዡን የሠራው እዚያው ሲሆን 4,541 ባሕርያት ነበሩት። ይህን ሳይ የኔ 40 ባሕርይ አሳፈረችኝ።

"በዲኤንኤ ዘመን እግር መቁጠር ምን ይሠራል?" የሚል ጓደኛ አለኝ። ለእሱ ሁሌ የምነግረው የዓሣ ነባሪን ቁርጭምጭሚት ነው። ዲኤንኤው ዓሣ ነባሪን ከጉማሬ ጋር ሲያዛምድ፣ አጥንት የሚያጠኑት ብዙዎቹ አልተዋጠላቸውም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ከፓኪስታን የተገኙ፣ እግር የነበራቸው የጥንት ዓሣ ነባሪዎች ቅሪተ አካል ይፋ ሆነ። የቁርጭምጭሚታቸው አጥንት ከላይም ከታችም እንደ መዘውር የተቦረቦረ ነበር። ይህ ቅርጽ የባለ ጥንድ ሰኮናዎቹ፣ የነበሬና የነጉማሬ መለያ ነው። ክርክሩን ያረገበው አጥንት ነው። ከዚያን ያህል ዘመን ቅሪት ደግሞ ዲኤንኤ አይወጣም።

ወደ ፍለጋዬ ልመለስ። አንድ የጢንዚዛ ሠንጠረዥ አገኘሁ፣ ኔክሰስ በሚባል፣ ለእንዲህ ያሉ ሠንጠረዦች በሚያገለግል የፋይል ዓይነት የተቀመጠ። በሜስኪት ፕሮግራም ከፈትኩት። የ0ና የ1 ግድግዳ! የዓምዶቹ ስም ግን የለም። ዓምድ 37 ምንድን ነው? ዓይን? ክንፍ? ዝርዝሩ ከጽሑፉ ጋር በተያያዘ ሌላ ፋይል ውስጥ ነው ይላል። ማስፈንጠሪያው አይሠራም። ለባለቤቶቹ ጻፍኩ፣ እስካሁን ዝም። ስም የሌለው ቁጥር ቁልፉ እንደጠፋ ሳጥን ነው፤ ይከብዳል እንጂ አይከፈትም።

ሌላ አገኘሁ። ይሄኛው ስም አለው፦ "አንቴና፦ 0 አጭር፣ 1 ረጅም።" ከምን ያጠረ? ከጭንቅላቱ? ከሰውነቱ? አይናገርም። ለጸሐፊው ግልጽ ነበር፣ ጢንዚዛዎቹን በእጁ ይዟቸዋል። "ከጭንቅላቱና ከደረቱ ርዝመት ድምር ያነሰ" ቢል ምን ነበረበት? አንድ መስመር ናት።

ከሁሉ የከበደኝ ግን ባዶው ሳጥን ነው። የዝግመተ ለውጥ ተመራማሪው ዋይን ማዲሰን እ.ኤ.አ. በ1993 በጅራት ምሳሌ ያስረዳው ችግር። ጅራታቸው ቀይ የሆነ አሉ፣ ሰማያዊ የሆነ አሉ፣ ጭራሽ ጅራት የሌላቸውም አሉ። ታዲያ ጅራት ለሌለው እንስሳ "የጅራቱ ቀለም" የሚለው ሳጥን ውስጥ ምን ይጻፋል? ልማዱ ሰረዝ ማድረግ ነው፤ ጥያቄው አይመለከተውም ለማለት። አካሉ ተሰብሮ ወይም ሳይታይ ቀርቶ ካልታወቀ ደግሞ የጥያቄ ምልክት። ለኔ የሰማይና የምድር ያህል ይራራቃሉ። ዛፉን የሚሠሩት አብዛኞቹ ፕሮግራሞች ግን ሁለቱንም አንድ ጆንያ ውስጥ ይከቷቸዋል፣ "አልታወቀም" ብለው። ከዚያ አልፈው ጅራት ለሌለው ቅድመ አያት ቀለም ይመርጡለታል። ክንፍ አልባ ጢንዚዛዎቼ ላይ የክንፍ ሥር አቀማመጥ ስሞላ ይሄው ነው የደረሰብኝ። ሰረዝ፣ ሰረዝ፣ ሰረዝ።

እንዲህ እንዲህ እያልኩ ሠንጠረዡን ራሴ መሙላት ጀመርኩ። የዓምድ ስም ካላቸው፣ በኋላ ካገኘኋቸው ሁለት ሠንጠረዦች ጋር እያስተያየሁ። ዛሬ ማታ የደረስኩት ቅጠል በሉ ጢንዚዛ ላይ ነው፣ የእግር ጫፍ አንጓዎች ብዛት። አንዱ ሠንጠረዥ 4 ይላል። ሌላው 5። ዝርያው ያው ነው፣ እግሩም ያው ነው። አንዱ ተሳስቷል ብዬ በመነጽር ቆጠርኩ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስተኛው እንደ ልብ ቅርጽ ለሁለት የተከፈለ ሰፊ፣ ከዚያ ጥፍር ያለበት ቀጭኑ። አራት። በቃ፣ 4 ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ የአንድ የቆየ መጽሐፍ መግለጫ ሳነብ "አምስት፤ አራተኛው ደቃቅ ሆኖ በሦስተኛው ስንጥቅ ውስጥ ይደበቃል" ይላል። መብራቱን ከጎን አዞርኩት። ጢንዚዛውን በጀርባው ገለበጥኩት። ትንፋሼን ይዤ አየሁ። ከልቧ ስንጥቅ ሥር፣ ቀጭኑ አንጓ ከሚነሣበት ቦታ፣ ፀጉር ውስጥ የተወሸቀች ኢምንት ቀለበት አለች። እዚያው ነበረች። 4 ያለው ሰው የሚታየውን ጻፈ፣ 5 ያለው ያለውን።

4ቱን ሰርዤ 5 አደረግኩ። ከጎኑም "አራተኛው የተደበቀ" የሚል ማስታወሻ ጻፍኩ፣ ቁልፉ ለሚጠፋበት ሰው። ደግሞ ይህ ራሱን የቻለ ሌላ ዓምድ አይሆንም? "አራተኛ አንጓ፦ 0 ጎልቶ የሚታይ፣ 1 የተደበቀ።" ይሆናል መሰለኝ። ጨመርኩት።

ልዘጋ ስል ወደ ላይ አየሁ። ባለፈው ሳምንት በልበ ሙሉነት 4 ብዬ የሞላኋቸው አሥራ አንድ ሳጥኖች አሉ።