ሰማያዊው ቀሚስ

ዛሬ ሱቁን ለወንድሜ ትቼ እዚሁ ጆሃንስበርግ (ጆበርግ) ያለው የደቡብ አፍሪካ ሕገ መንግሥት ፍርድ ቤት ሄድኩ። ክስ የለብኝም፣ ተመስገን! ሥዕል ለማየት ነው።

ግቢው ጋንዲም ማንዴላም የታሰሩበት ወህኒ ቤት ነበር። ችሎቱ የተሠራው ከፈረሰው እስር ቤት ጡብ ነው። የዳኞቹ መቀመጫ ፊቱ የከብት ቆዳ ለብሷል፤ የአንዱ ዝንጉርጉር ከሌላው አይገጥምም።

እኔን ያስቀረኝ ግን የሠዓሊዋ የጁዲት ሜሰን ሰማያዊ ቀሚስ ነው። ከፌስታል የተሰፋ ቀሚስ! ፊላ ንድዋንድዌ የምትባለውን ታጋይ የአፓርታይድ ፖሊሶች ራቁቷን አስረው ገደሏት። አፅሟ ሲወጣ ገላዋን የሸፈነችበት ሰማያዊ ፌስታል አብሯት ተገኘ። ሠዓሊዋ ይህን ሰምታ ነው ቀሚስ የሠራችላት፤ «እህቴ» ብላም ጽፋበታለች። ቀረብ ብዬ ሳየው የላስቲኩ ጭምድድ ሁሉ ይታያል። እኔ በቀን ስንቱን ፌስታል ነው ለደንበኛ የማቀብለው!

የሥዕል ስብስቡን የጀመሩት ዳኛ አልቢ ሳክስ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1988 በሞዛምቢክ ዋና ከተማ ማፑቶ መኪናቸው ውስጥ በተጠመደ ቦምብ ቀኝ እጃቸውን ያጡት። ለማስዋቢያ የተመደበው 10,000 ራንድ ብቻ ነበር አሉ። አንድ የግድግዳ ምንጣፍ አሠሩበትና ሌላውን ከሠዓሊዎች በስጦታ ለመኑ። ጎበዝ ለማኝ ናቸው፣ ግድግዳው ሞልቷል።

ጆበርግ ያላችሁ በሥራ ቀን ሂዱ፣ መግቢያው በነፃ ነው።